ከአባቴ ጀርባ የሚታዩ መብራቶች

ሞተር ላይ ከኋላ የሚቀመጥ ሰው ብዙ የሚያየው ነገር የለም። የነጂው ጀርባ አለ፤ በግራና በቀኝ የሚያልፍ ቀርከሃና ማንጎ አለ፤ ሌላው አቧራ ነው። እኔ ግን እንደ አካባቢያችን ሴቶች በጎን ስለምቀመጥ፣ አንገቴን ትንሽ ካዞርኩ ከአባቴ ትከሻ በላይ መሪው ይታየኛል። በመሪው መሃል የፍጥነት መርፌና ትንንሽ መብራቶች ያሉበት ሰሌዳ አለ። ዓይኔን የማሳርፈው እዚያ ነበር።

ሰው ሲያየኝ አልወድም። ከአምባችን፣ ከሰፈራ መንደራችን፣ እስከ አሶሳ ባለው መንገድ ደግሞ ሞተር ላይ ያለን ሰው የማያይ የለም። ማን ከማን ጋር እንደተቀመጠ፣ ምን እንደጫነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ሁሉም አይቶ ለሌላው ይነግራል። ስለዚህ ፊቴን በሻርፕ ሸፍኜ፣ ከሰው ዓይን ሸሽቼ ሰሌዳው ላይ አፈጥ ነበር።

መብራቶቹን የተማርኩት እንዲህ ነው። ቁጭ አድርጎ ያስተማረኝ የለም። ትምህርቴንም ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። ግን የአባቴን እጅና እግር ከመብራቶቹ ጋር እያስተያየሁ አንድ በአንድ ለየኋቸው። በግራ አውራ ጣቱ ቁልፉን ወደ ጎን ሲገፋ አንዲት ቀስት ብልጭ ድርግም ትላለች፤ ፍሬቻ ነው። አመሻሽ ላይ ሌላውን ሲጫን ሰማያዊዋ ትበራለች፤ ያኔ የፊት መብራቱ ሩቅ ያበራል፣ ከፊት የሚመጣ ሰው እጁን ዓይኑ ላይ ያደርጋል። ወደ ታች የምትወርደው መርፌ የነዳጅ ናት። አረንጓዴዋ ማርሹ ዜሮ ሲሆን ትበራለች። ከሁሉም እሷን እወዳት ነበር።

የምወድበት ምክንያት ነዳጅ ነው። እኛ ጋ ማደያው አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው። ነዳጅ ገባ ከተባለ ሰልፉ አያልቅም። መንገድ ዳር በውሃ ፕላስቲክ የሚሸጠው ደግሞ ዋጋው እሳት ነው። ስለዚህ በእኛ አካባቢ ሞተር የሚነዳ ሰው ቁልቁለት ሲያገኝ ማርሹን ዜሮ አድርጎ በራሱ ክብደት ይወርዳል። አንዳንዱማ ጭራሽ ሞተሩን ያጠፋዋል። አባቴ "ቁልቁለት የአላህ ነዳጅ ነው" ይላል። አረንጓዴዋ ስትበራ የሞተሩ ጩኸት ይበርዳል፣ ንፋሱ ይሰማል፣ የአባቴ ትከሻ ይላላል፣ ደስ ካለውም ያንጎራጉራል። ስለዚህ አረንጓዴ ማለት ደህና ማለት ነው ብዬ ስንት ጊዜ ኖርኩ። ዜሮ ላይ ሆኖ ቁልቁለት የሚወርድን ሞተር ከፍሬኑ በቀር የሚይዘው ነገር እንደሌለ የገባኝ በኋላ ነው።

ነገሩ የጀመረው አምና፣ ማንጎ በደረሰበት ሰሞን ነው። እንደ ልማዳችን ሁለት የቀርከሃ ቅርጫት በሞተሩ ግራና ቀኝ አንጠልጥለን ወደ አሶሳ ገበያ ሄድን። ከአምባችን ወጥተን አስፋልቱ ላይ ስንታጠፍ አባቴ ፍሬቻ አሳየ። ታጠፍን። ቀስቷ ግን አልጠፋችም። ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም እያለች አብራን ሄደች። ከኋላችን አንድ ጭነት መኪና ጡሩንባ ነፋ፣ ጠበቀ፣ እንደገና ነፋ። በመጨረሻ ሊያልፈን ሲል ሹፌሩ በመስኮት አንገቱን አወጣ።

"አባባ፣ ወዴት ነው የሚታጠፉት? ጫካ ነው እኮ!"

"ይሄ ደግሞ ምን ሆኗል?" አለኝ አባቴ።

"አባ፣ ፍሬቻው በርቷል።"

"አጥፍቼዋለሁ።"

"በርቷል።"

አውራ ጣቱ ቁልፉን ፈልጎ አገኘውና ተጫነው። ቀስቷ ጠፋች። "ፀሐይዋ ናት" አለ። "በዚህ ፀሐይ ማን ያየዋል?"

እውነቱን ነው፤ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትሆን ሰሌዳው ይነጣል። አመንኩት። ማመን ፈልጌም ይሆናል።

በሚቀጥለው ገበያ ግን ቀስቷ ገበያው በር ድረስ ተከተለችን። በሩ ላይ ሰው የሚያመላልሱ ባለ ሞተሮች ተሰልፈው ደንበኛ ይጠብቃሉ። ከመሃላቸው አንዱ፣ ቀይ ኮፍያ የሚያደርገው፣ አፉ አያርፍም።

"አባባ፣ ዛሬም ሙሽራ ይዘዋል? መብራቱ የሰርግ ነው!"

ሁሉም ሳቁ። ሙሽራዋ እኔ መሆኔ ነው። ሻርፔን እስከ ዓይኔ ሳብኩት። አባቴም ሳቀ። "ሚዜ ከጎደለን እንጠራሃለን" አለው። ሲስቅ ግን አውራ ጣቱ በስርቆሽ ቁልፉን ሲፈልግ አየሁ።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚነሳኝ ነገር መጣ። አባቴን ማየት ጀመርኩ። ማለዳ መነሳት የሚወድ ሰው ጠዋት ጠዋት "ትንሽ ይሙቅ" እያለ ጉዞውን ያዘገያል። አመሻሽ ላይ ከገበያ ከዘገየን ይቆጣል። አንድ ቀን ባዶ መንገድ ላይ ድንገት ፍሬን ያዘና ቆመ። ከፊታችን ምንም የለም፤ ዳር ላይ አንድ ቁጥቋጦ ብቻ ነው ያለው። ሞተሩን እንደያዘ ቆየና "ላሟ ሄደች?" አለኝ።

ቁጥቋጦውን አየሁት። "ሄደች" አልኩት።

እሱም ማርሽ አስገብቶ ቀጠለ።

ቢጫዋ መብራት የበራችው በዚያ ሰሞን ነው። በሰሌዳው ጥግ የሞተር ስዕል ያለባት ትንሽ መብራት አለች። አባቴ ቁልፍ ሲከፍት ለቅጽበት በርታ ትጠፋ ስለነበር ጉዳዬ ብዬ አይቻት አላውቅም። ያን ቀን ግን ሞተሩ ተነስቶ፣ መንገድ ጀምረን፣ አልጠፋችም። አንደኛውን ድልድይ አለፍን፤ አሁንም በርታለች። ሞተሩ አንድ ሁለቴ እንደሚያስል ሰው ተንተፋተፈ።

"አባ፣ ያቺ ቢጫዋ ምንድን ናት?"

"የትኛዋ?"

"ጥግ ላይ ያለችው። በርታለች።"

አባቴ ወደ ሰሌዳው ጎንበስ አለ። ደመና ነበር፤ ፀሐይ አልነበረችም። ጥላ ውስጥ እንኳ ቢጫዋ እንደ ድመት ዓይን ፍጥጥ ብላ ትታያለች። ጎንበስ ብሎ ቆየ፤ መንገዱን እያየ አይደለም፣ መብራቷንም እያየ አይደለም። ከዚያ ቀና አለና "እሷ ሁልጊዜ እንደበራች ናት" አለ።

እዚያ ላይ ገባኝ። አባቴ ፀሐይዋን ሲያማ የከረመው ስለማያይ ነው። ይኸው እኔን ከኋላ፣ ሌላ ሰው ሲለምነው ደግሞ ሌላ ሰው ከኋላ አስቀምጦ፣ ዝም ብሎ የሚያውቀውን መንገድ እያስታወሰ ይነዳል።

ከተማ ሳንገባ ሞተሩ ቆመ። ገፍተን ጋራዥ ወሰድነው። ጋራዡ አንድ ቆርቆሮና አንድ የማንጎ ጥላ ነው። መካኒኩ የሆሞሻ ሰው ነው፤ አማርኛን በኋላ የተማረው በመሆኑ ሁሉንም ሰው እንደ ወንድ ነው የሚያናግረው፤ እኔንም ጭምር። ይሄ ነገሩ ደስ ይለኛል። "አንተ" ሲለኝ የሚያየኝ ሰው የሌለ ያህል ይቀለኛል።

ነዳጁን ቀድቶ በጠርሙስ ወደ ብርሃን አነሳው። ከሥሩ ውሃ ተኝቷል። የመንገድ ዳሩ ነዳጅ ነው።

"ቢጫ መቼ በራ?" አለው አባቴን።

አባቴ እጁን ጨርቅ ላይ ጠረገ። "ሰሞኑን ነው" አለ።

"ዛሬ ጠዋት ነው፣ ከቤት ስንነሳ" አልኩ እኔ፣ ድምፄ ለራሴ እንኳ እምብዛም ሳይሰማኝ።

መካኒኩ አባቴን አየ፤ እኔን አየ። ከዚያ በኋላ ፊቱን ወደኔ አዙሮ ነበር የሚያስረዳው።

"ስማኝ። ቁልፍ ትከፍታለህ፣ ቢጫ ይበራል። ሞተር ይነሳል፣ ቢጫ ይጠፋል። ታማም፣ ደህና ነው፣ ሂድ። ሞተር ተነሳ፣ ቢጫ አልጠፋም? ቁም። እኔ ጋ ና።"

"እሺ" አልኩ።

"ሌላ አለ። ቁልፍ ከፈትክ፣ ቢጫ ጨርሶ አልበራም። እሱ ጥሩ ነው?"

ጥሩ መሰለኝ። የማይበራ የማስጠንቀቂያ መብራት ምን ክፋት አለው? ራሴን ነቀነቅኩ።

"እሱ ከሁሉም ይከፋል። አምፖል ሞቷል። በሽታ አለ፣ የሚናገር የለም።" ጠርሙሱን መሬት ላይ ደፋው። "ኻላስ። ጨረስኩ።"

አባቴ ጀርባውን ሰጥቶን የማንጎውን ቅርጫት ያጠባብቅ ነበር። ሳይሰማ አልቀረም።

የማስበው ሁሉ መናገር ነበር። ለማን? አባቴን በአምባችን ሰው በስሙ አይጠራውም፤ "ባለ ሞተሩ" ነው የሚለው። ሴት ምጥ ሲይዛት ባለ ሞተሩ ይጠራል። ከቶንጎ እንግዳ የመጣበት ሰው ባለ ሞተሩን ልኮ ያስቀብላል። በልጅነቱ ከወሎ በጭነት መኪና ተጭኖ ሲመጣ ከእናቱ ቀሚስ በቀር የያዘው ነገር እንዳልነበረ ብዙ ጊዜ ነግሮናል። እዚህ ቀይ አፈር ላይ በጉልበቱ ያገኘው የኔ የሚለው ነገር ይሄ ሞተር ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው ልጁ ምን ብላ ትነግረዋለች?

እናቴን ሞከርኩ። ማሽላ ስታበጥር አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"እማ፣ አባ ዓይኑ…"

"ምን ሆነ?"

ሰፌዱን አቆመችና አየችኝ። እንዳየችኝ ወኔዬ ፈሰሰ። "ፀሐይ ታስቸግረዋለች" አልኩ።

"ፀሐይ የማታስቸግረው ማን አለ።" ወደ ማሽላዋ ተመለሰች። "አባትሽ ያንን መንገድ በእግሩ ነው የሚያውቀው። መንገድ ሳይኖርም ሄዶበታል።"

ስለዚህ ሌላ ዘዴ መጣ፤ ማንኛችን እንደጀመርነው አላውቅም። ፍሬቻው ሳይጠፋ ሲቀር ቀኝ ትከሻውን መታ አደርገዋለሁ፤ ያጠፋል። ከፊት ከብት ወይም ጉድጓድ ሲኖር ግራ ትከሻውን ጨበጥ አደርጋለሁ፤ ይቀንሳል። ቁልቁለቱ ላይ አረንጓዴዋ በርታ ፍጥነቱ ሲበዛ ሸሚዙን ከኋላ እስባለሁ፤ ማርሽ ያስገባል። ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አልተነጋገርንም። አንዱን ምልክት ከሌላው ለይቶ የተማረው ግን ቶሎ ነው። ባለ ቀይ ኮፍያው እንኳ "አባባ፣ ሰርጉ ቀረ?" ብሎ ጠየቀን።

ይሄ ሁሉ ሊያሳርፈኝ ይገባ ነበር። አላሳረፈኝም። እንዲያውም ባሰብኝ። የገበያ ቀን ሲደርስ ምግብ አይወርድልኝም። አባቴ ብቻውን ለጎረቤት ጉዳይ ብድግ ሲል የያዝኩትን ጥዬ አጥሩ ጋ እቆማለሁ። የሌላ ሰው ሞተር ድምፅ ሩቅ ሲሰማኝ እወጣለሁ፣ እመለሳለሁ፣ እወጣለሁ። እናቴ "ይቺን ልጅ ምን ነክሷታል?" ትላለች። እኔ ከኋላ እስካለሁ ድረስ አባቴ ያያል። እኔ ከኋላ ስላለሁ ደግሞ መንዳቱን አይተውም። ይሄን ሳስብ እግሬ አርፎ አይቀመጥም።

ሁሉም ነገር የወጣው አንድ የገበያ ቀን ነው። ገበያ ላይ እኔ ከማንጎው ኋላ እቀመጣለሁ እንጂ አልጣራም። የሚጣራው አባቴ ነው። "ማር ነው፣ ማር! ቅመሱና እለፉ!" ይላል፤ እኔ እቆጥርና አስረክባለሁ። እኩለ ቀን ላይ ገና ግማሹ እንዳልተሸጠ ጎረቤታችን የሆነች ሴት ልጇን አዝላ መጣች። ልጁ ትኩሳት ይዞት ጤና ጣቢያ ወስዳው መመለሷ ነው። ፊቷ በላብ ርሷል።

"አያ፣ እባክዎ፣ እኔን አድርሰውኝ ይመለሱ። ይሄ ልጅ በዚህ ፀሐይ በእግር ከሄድኩ ይብስበታል።"

"ምን ችግር አለ" አለ አባቴ ወዲያው። ሰው ሲለምነው እንዲህ ነው። ወደኔ ዞረ። "አንቺ ማንጎው ጋ ቆዪ። አድርሻት እመጣለሁ።"

"እኔም ልሂድ" አልኩ።

"ማንጎውን ማን ያይልሻል?"

"ትቼው ልሂድ።"

"ምን ሆነሻል ዛሬ?" ሳቅ አለ። ሴትየዋም ሳቀችልኝ። ከልጇ ጋር ሦስት ሆነን እንደማንችል ሁሉም ያውቃል፤ አባቴ ከአንድ ሰው በላይ አይጭንም።

ሞተሩ ላይ ወጣ። ቁልፉን ከፈተ። ሴትየዋ ልጇን ከጀርባዋ ወደ ጭኗ አዙራ በጎን ተቀመጠች፤ የኔ ቦታ ላይ፤ እንደኔው በጎን። ሞተሩ ተነሳ። የግራ ቀስት ብልጭ ድርግም ትላለች፤ ጠዋት ገበያው በር ላይ ስንታጠፍ ያሳየው ነው፣ እኔ መታ ሳላደርገው ሞተሩን አቁሞት ነበር። ከአምባችን በፊት ያለው ቁልቁለት ፊቴ ድቅን አለ። ከሥሩ ያለው ድልድይ ጠርዙ ፈርሷል። እዚያ ላይ ነው ሸሚዙን የምስበው። እሷ ምኑን ታውቃለች? እሷ የልጇን ራስ ነው የምታየው።

"አባ አያይም" አልኩ።

ማንም አልሰማኝም። አጠገቤ ሽንኩርት የምትሸጠው ሴት እንኳ አልሰማችም።

ቆምኩ። ማንጎው ከጭኔ ላይ ተንከባለለ።

"አባ አያይም! አውርጂው ልጁን! አያይም!"

ያ ድምፅ የኔ መሆኑን አላወቅሁትም። የማንጎው ተራ ጸጥ አለ። የሽንኩርቱም። ባለ ሞተሮቹ ዞሩ። በሕይወቴ ያን ያህል ዓይን ባንዴ አርፎብኝ አያውቅም፤ ፊቴን ልሸፍን ስል ሻርፔ ትከሻዬ ላይ ወርዷል።

አባቴ ሞተሩን አላጠፋም። "ማን ነው የማያይ?" አለ፣ ቀስ ብሎ።

ባለ ቀይ ኮፍያው መጣ። መጀመሪያ ሊስቅ ነበር፤ ፊቴን ሲያይ ተወው። ሞተሩ ፊት ቆመና "አባባ፣ አሁን ሰሌዳው ላይ ምን በርቷል?" አለው። ሲጠይቀው ድምፁ ውስጥ ቀልድ አልነበረም።

"አረንጓዴዋ" አለ አባቴ። እግሩ ማርሹ ላይ ነው፤ ዜሮ መሆኑን እግሩ ነግሮታል። ልክ ነበር።

"ሌላስ?"

"ሌላ ምን ይኖራል?"

ቀስቷ ብልጭ አለች፣ ድርግም አለች። ብልጭ አለች፣ ድርግም አለች። ሁላችንም እያየናት ነበር። ከኋላው የተቀመጠችው ሴትም ከትከሻው በላይ አየቻት። ልጇን ጠበቅ አድርጋ ቀስ ብላ ወረደች።

"አያ፣ እኔ… ትንሽ ቆይቼ እሄዳለሁ። ጨውም አልገዛሁም ለካ" አለች።

ብትጮህበት ይሻል ነበር። አባቴ ሞተሩን አጠፋ። ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተ። ባለ ቀይ ኮፍያው ሴትየዋን በራሱ ሞተር ይዟት ሄደ። የቀረውን ማንጎ ለሽንኩርቷ ሴት አደራ ሰጠናት። አባቴ መሪውን ይዞ መግፋት ጀመረ።

እስከ ከተማው ዳርቻ ድረስ ገፋነው። እኔ ከኋላ መጫኛውን ይዤ እገፋለሁ። አስፋልቱ ጫማዬን ያቃጥላል።

"በሰው ፊት ዕውር አልሽኝ" አለ።

"ዕውር አላልኩም።"

"ምን አልሽ ታዲያ?"

"አያይም አልኩ።"

"ልዩነቱ ምንድን ነው?"

ጥቂት እንደሄድን "ከቁጥቋጦው ቀን ጀምሮ ታውቂያለሽ" አለኝ።

ላም እንዳልነበረች ማወቁን ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። የሚናገረው ወደ ፊት እያየ ነው። "ሄደች ስትዪ ሳቅሽ የመጣ መስሎኝ ነበር።"

"አልሳቅሁም አባ።"

"አውቃለሁ። እሱ ነው የከፋው።"

ከከተማው ወጣ ብሎ ነዳጅ በፕላስቲክ የሚሸጡ ወጣቶች ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ሞተር ገፍቶ የሚመጣ ሰው ለነሱ ደንበኛ ነው። ሁለቱ ፕላስቲክ አንስተው ሮጡ።

"አባባ፣ ነዳጅ አለቀ? ንጹህ ነው፣ ውሃ የለበትም!"

አባቴ ቆመ። ላቡን በእጅጌው ጠረገ። አሁን አንድ ነገር ፈጥሮ ይላል ብዬ ጠበቅሁ፤ ሻማው ነው፣ ጎማው ነው፣ ፀሐይዋ ናት።

"ነዳጅ አይደለም ያለቀው" አለ። "ዓይኔ ነው።"

አንደኛው ፕላስቲኩን ከእጁ ወደ እጁ አዛወረው። "አላህ ይማርዎት አባባ" አለ።

"አሜን" አለ አባቴ። መሪውን ወደኔ ገፋ አደረገው። "ያዢው፣ ትከሻዬ ዝሏል።" እሱ ከኋላ ሆኖ መግፋት ያዘ። ቁልቁለቱ ጋ ስንደርስ ማርሽ አስገብቼ ሞተሩን ሳላስነሳ፣ ፍሪሲዮኑን በመጠኑ እየያዝኩ አወረድኩት። አምባ ውስጥ ከማንጎ ዛፍ ወደ ማንጎ ዛፍ ሞተሩን ማንቀሳቀስ ራሱ አስተምሮኛል፤ አስፋልት ላይ ግን ነክቼው አላውቅም ነበር።

ቤት ስንደርስ እናቴ ሁለታችንንም አየችና ውሃ አቀረበች። ወሬው ቀድሞን ደርሷል። አባቴ ውሃ ጠጣ። ጠጥቶ ሲያበቃ "ነገ ሆስፒታል እሄዳለሁ" አለ።

"በማን?" አለች እናቴ።

ቁልፉን ከኪሱ አወጣና ከፊቴ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠው።

ያን ጉዞ እንዴት እንደተወጣሁት በደንብ አላስታውስም። በሁለተኛ ማርሽ ነው የሄድኩት፤ አህያ ሁሉ አለፈን ብል ማጋነን አይደለም። ሰው ቆሞ አየኝ። ዓይኔን የማሳርፍበት ስፍራ አጣሁ፤ መንገዱን ካላየሁ እንወድቃለን፣ ካየሁ ደግሞ ሰው ሁሉ መንገዱ ላይ ነው። አባቴ ከኋላዬ እንደ ወንድ ተፈናጦ፣ እጁን የት እንደሚያሳርፍ ግራ ገብቶት አንዴ ጉልበቱ ላይ አንዴ መጫኛው ላይ ያደርጋል። የሚመጣ መኪና ሲሰማ ትንፋሹ ይቆማል። የኔም ይቆማል።

ሆስፒታል የዓይን ክፍሉ በር ላይ አግዳሚ ወንበር አለ። የአባቴን ስም ጠሩና ገባ፤ እኔን ውጭ ጠብቂ አሉኝ። በሩ ግማሽ ክፍት ነው። ከውስጥ የነርሷ ድምፅ ይሰማል። ግድግዳው ላይ ቅርጽ የተሳለበት ወረቀት አለ፤ እያንዳንዱ ቅርጽ አንድ ጎኑ ክፍት ነው፤ በሽተኛው የተከፈተው ወዴት እንደሆነ በእጁ ያሳያል።

"አባባ፣ ይሄ ትልቁ ወዴት ነው የዞረው?"

"ወደ ቀኝ" አለ አባቴ፣ ፈጥኖ።

"እሺ። ይሄኛውስ?"

"ወደ… ወደ ላይ።"

የአባቴን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ "እሷ ሁልጊዜ እንደበራች ናት" ያለኝ ድምፅ ነው። ተነሳሁ። ተቀመጥኩ። ደግሞ ተነሳሁ። የሞተሩን ቁልፍ መዳፌ ውስጥ ጨምቄው ጥርሱ ቆዳዬን ወጋኝ። በሩን ገፍቼ ልግባ? ገብቼ ዳግመኛ በሰው ፊት ልናገር? አጠገቤ ያለው ሽማግሌ "ልጄ፣ ቁጭ በይ" አለኝ።

"አባባ፣ ዕውነቱን ካልነገሩኝ ሐኪሙ የቱን ዓይን እንደሚያክም አያውቅም" አለች ነርሷ፣ በለሆሳስ። "አይፈሩ። ይሄኛውስ?"

ከውስጥ አባቴ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁ።

"አላየውም" አለ አባቴ።

"ይሄኛውስ?"

"አላየውም።"

"ታችኛውስ?"

"እሱንም አላየውም። ወረቀቱ ራሱ የሚታየኝ እንደ ጭስ ነው፣ ልጄ። ከአምና ጀምሮ።"

የነርሷ እስክርቢቶ ወረቀት ላይ ሲሄድ ይሰማል። እኔ አሁንም ቆሜ ነበር። ቁልፉን ላላ አደረግሁና እጄን ከፈትኩት። ከውስጥ አባቴ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ "ቀኙ ደግሞ ይብሳል" ሲል ሰማሁ።